የትርንጎ ማስተርስና የእድሩ መሰላል

ተረቴ መጣ! «ይምጣ፣ ደጁ ክፍት ነው» በሉኝ እንጂ፤ ዝም ካላችሁኝ መንገድ ላይ ይቀራል።

እሺ። ዝናብ በማያጣት፣ ጭቃ በማይለያት አንዲት የጎጃም ከተማ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ትርንጎ ሀብት አልፈለገች። ባልም አልፈለገች፤ እሱ ይፈልጋት እንጂ ምን ቸገራት። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሶሻል ወርክ ማስተርሷን መያዝ። የምትሠራበት የልጆች መጠለያ በሙያው ማስተርስ ያለው ኃላፊ ካላገኘ ከክረምቱ በኋላ ሊዘጋ ነው። ከተዘጋ ደግሞ እህትና ወንድም እንኳ ሳይቀሩ ልጆቹ ተነጣጥለው ወደማያውቁት ከተማ ይበተናሉ። ዩኒቨርሲቲው ሩቅ ነው፤ ልጆቹን ጥላ መሄድ አልሆነላትም። ስለዚህ በኢንተርኔት ተመዘገበች። ንጋት ላይ፣ ኔትዎርኩን ሰው ሳይጋፋው ላፕቶፗን ከፍታ ትማራለች፤ ከዚያ ፊቷን ታጥባ ሥራ ትገባለች። እንዲህ ስትል ስትል ሦስት ዓመት ሆነና አንድ ፈተና ብቻ ቀረ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መምህራኖቿ በስክሪኑ ብቅ ይላሉ፣ ይጠይቋታል፣ ትመልሳለች፣ አለቀ። ካልቀረበች ሌላው ፈተና ለከርሞ ነው፤ መጠለያው ደግሞ ከርሞን አይጠብቅም።

በፈተናው ቀን ጠዋት ቁርሷን በላችና ላፕቶፗን ከፈተች። ላፕቶፑ ጭልም አለባት።

«ተነሣ እንጂ፣ ምን ሆነሃል?» አለችው።

«አልነሣም» አለ ላፕቶፑ። «ትናንት ለፈተናው ስትለማመጂብኝ ውለሽ ባትሪዬን ጨረስሽው። መብራት ካልመጣ አልነሣም።»

ትርንጎ ወጥታ ወደ መብራቱ መስመር ሄደች። «መብራት ሆይ፣ ና፤ ላፕቶፑ ይነሣ፣ ላፕቶፑ ተነሥቶ ልፈተን።»

«አልመጣም» አለ መብራቱ። «የትናንቱ ነፋስ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ገንጥሎ ሽቦዬ ላይ አጋድሞብኛል። ይህን ተሸክሜ የት እሄዳለሁ? ቅርንጫፉ ካልወረደ አልመጣም።» እውነቱን ነው። የመብራት ሠራተኛው መስመሩን አጥፍቶ ከሥር ቆሟል፤ እሱ የሚወጣው ምሰሶ ነው፣ ቅርንጫፉ ያለው በሁለት ምሰሶ መሀል። የከተማው መብራት ሁሉ በዚያው ሽቦ ነው የሚመጣው፤ የስልኩም ኔትዎርክ መብራቱን ተከትሎ ሄዷል። መብራቱ አልመጣ አለ፣ ላፕቶፑ አልነሣ አለ፣ የትርንጎም ማስተርስ ደጅ ቀረ።

«ቅርንጫፍ ሆይ፣ ውረድ» አለች ትርንጎ ቀና ብላ።

«አልወርድም» አለ ቅርንጫፉ። «ይህን ያህል ዘመን ዛፍ ላይ ስኖር ማንም ቀና ብሎ አይቶኝ አያውቅም። ዛሬ ከተማው ሁሉ ያየኛል። መጋዝ ካልቆረጠኝ አልወርድም።» ቅርንጫፉ አልወርድ አለ፣ መብራቱ አልመጣ አለ፣ ላፕቶፑ አልነሣ አለ፣ የትርንጎም ማስተርስ ደጅ ቀረ።

ወደ አናጢው ወደ ልየው ሮጠች። ልየው ደግ ሰው ነው፤ «እጄም መጋዜም ያንቺ ነው» አላት። መጋዙ ግን ጥርሱን አገጠጠ።

«አልቆርጥም! ልየው አጭር፣ ሽቦው ሰማይ ጥግ። ረጅም መሰላል ካላደረሰን አልቆርጥም።»

አናጢ መሰላል የለውም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለው፤ ግን ከዶሮ ቆጥ አያልፍም። መጋዙ አልቆርጥ አለ፣ ቅርንጫፉ አልወርድ አለ፣ መብራቱ አልመጣ አለ፣ ላፕቶፑ አልነሣ አለ፣ የትርንጎም ማስተርስ ደጅ ቀረ።

ረጅም መሰላል በከተማው አንድ ብቻ ነው፤ የለቅሶ ድንኳን የሚተከልበት የእድሩ መሰላል። ትርንጎ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ሄዳ በበሩ ስንጥቅ ጠራችው።

«አልወጣም» አለ መሰላሉ ከጨለማው ውስጥ። «በሩ ሁለት ቁልፍ አለው። ሁለቱም ካልከፈቱልኝ አልወጣም።»

እድር ሰውን ያምናል፤ ድስቱን ግን ለአንድ ሰው አምኖ አይሰጥም። ለዚህ ነው ቁልፉን ለሁለት የሚከፍለው። አንዱ በሊቀመንበሩ በጋሽ ይመኑ ኪስ ነው፣ ሌላው በዕቃ ቤት ኃላፊዋ በእትዬ የውብዳር መቀነት። ሁለቱም በሩ ላይ ካልቆሙ ማንኪያ እንኳ አይወጣም፣ ደንብ ነው። መሰላሉ አልወጣ አለ፣ መጋዙ አልቆርጥ አለ፣ ቅርንጫፉ አልወርድ አለ፣ መብራቱ አልመጣ አለ፣ ላፕቶፑ አልነሣ አለ፣ የትርንጎም ማስተርስ ደጅ ቀረ።

የጋሽ ይመኑ ቤት ከትርንጎ ደጅ አልፎ፣ የመንገዱ ጫፍ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ እባክዎ ከእትዬ የውብዳር ጋር በሩን ይክፈቱልኝ።»

«ቁልፉ ይኸው ልጄ» አሉ ጋሽ ይመኑ፣ ኪሳቸውን መታ መታ አድርገው። «ግን የውብዳር ከየካቲት ጀምሮ ሰላም ስላት ፊቷን ወደ አጥር ታዞራለች። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ አጥር አይደለሁም። እሷ ካላናገረችኝ አጠገቧ አልቆምም።»

ጋሽ ይመኑ አልቆም አሉ፣ መሰላሉ አልወጣ አለ፣ መጋዙ አልቆርጥ አለ፣ ቅርንጫፉ አልወርድ አለ፣ መብራቱ አልመጣ አለ፣ ላፕቶፑ አልነሣ አለ፣ የትርንጎም ማስተርስ ደጅ ቀረ።

እትዬ የውብዳር ገና የይመኑን ስም ሲሰሙ የያዙትን ሰፌድ አስቀመጡ።

«እኔ እሱን? አላናግረውም! እህቴ ሞታ ጠላቴ እንኳ ሲደርስልኝ የእድሩ ሊቀመንበር የት ነበር? ጥሩንባ አልሰማሁም ይላል አሉ። ጥሩንባ ነፊው ቢተው ደግሞ በየደጁ ዞሬ ነፍቻለሁ ብሎ ምሏል። ያ ጥሩንባ እውነቱን ካልተናገረ አላናግረውም።» ይህን ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ትርንጎ ሰዓቷን አየች። ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች። «አይ እትዬ፣ እርሱት፣ ቁልፉን ብቻ» ለማለት አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ሦስት ዓመት ሙሉ የተማረችው የሚያለቅስ ሰው ፊት ሰዓት ማየትን አልነበረም። አጠገባቸው ተቀመጠች። እትዬ የውብዳር ስለ እህታቸው አወሩ፣ አለቀሱ፣ እንባቸውን ጠረጉ።

«ጥሩንባውን እኔ አናግረዋለሁ» አለች ትርንጎ ስትነሣ።

እትዬ የውብዳር አላናግር አሉ፣ ጋሽ ይመኑ አልቆም አሉ፣ መሰላሉ አልወጣ አለ፣ መጋዙ አልቆርጥ አለ፣ ቅርንጫፉ አልወርድ አለ፣ መብራቱ አልመጣ አለ፣ ላፕቶፑ አልነሣ አለ፣ የትርንጎም ማስተርስ ደጅ ቀረ።

አያ ቢተው ሰው በሞተ ቁጥር ንጋት ላይ እየዞሩ ጥሩንባ የሚነፉ፣ ለእድርተኛው መርዶ የሚያደርሱ ሰው ናቸው። ጥሩንባው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

«ጥሩንባ ሆይ፣ በዚያ ጠዋት የሆነውን ተናገር።»

«አልናገርም» አለ ጥሩንባው። «ውሻው ካልታሰረ አልናገርም።»

«የምን ውሻ? የማን ውሻ?»

አያ ቢተው መሬት መሬቱን አዩ፤ ቀስ ብለው ዞሩና የሱሪያቸውን መቀመጫ አሳዩአት። ትልቅ መጣፊያ አለበት።

«ያንቺ ነዋ፣ ልጄ» አሉ። «በዚያ ጠዋት ደጅሽ ስደርስ ያ መቻል የምትይው ውሻሽ ተፈትቶ ጠበቀኝ። ሱሪዬን ይዞ ቀረ፣ እኔም ከዚያው ተመለስኩ። ይመኑ ዘንድ አልደረስኩም። ጅብ የማይፈራ ቢተው በውሻ ተባረረ ይበሉኝ? አፈርኩና ነፍቻለሁ ብዬ ማልኩ።»

ትርንጎ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ለምን ተፈታ? እሷ ናታ የፈታችው! ታስሮ ሲያላዝን መምህሯ «ድምፅሽ አይሰማም» ስለሚሏት፣ ንጋት ላይ ልትማር ስትቀመጥ ሰንሰለቱን ትፈታለታለች። ከጠዋት ጀምሮ ከተማውን ስታካልል የፈለገችው የነገሩ ጫፍ ለካ የራሷ በር ላይ ኖሯል። መጀመሪያ አፈረች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ «አያ ቢተው፣ ይቅር ይበሉኝ! ጥሩንባውን ይዘው ይከተሉኝ!» ብላ ሮጠች። እየሮጠችም ቆጠረችው፤ ውሻው አልታሰረ፣ ጥሩንባው አልናገር አለ፣ እትዬ የውብዳር አላናግር አሉ፣ ጋሽ ይመኑ አልቆም አሉ፣ መሰላሉ አልወጣ አለ፣ መጋዙ አልቆርጥ አለ፣ ቅርንጫፉ አልወርድ አለ፣ መብራቱ አልመጣ አለ፣ ላፕቶፑ አልነሣ አለ!

«መቻል፣ ና ታሰር!»

«እሺ» አለ ውሻው። «ማን አልታሰርም አለ? የጠየቀኝ የለም እንጂ።»

በዚያ ቀን እሺ ያለ የመጀመሪያው እሱ ነው።

ትርንጎ «እውነቱ ተገኝቷል» ብላ ጋሽ ይመኑን ከቤታቸው ጠራች፤ ከአያ ቢተው ጋር ይዛቸውም እትዬ የውብዳር ግቢ ገባች። አያ ቢተው የሆነውን ሁሉ አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ፣ መጣፊያቸውንም አሳዩ። ትርንጎም «ውሻውን የፈታሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። ሁሉም ወደ ጋሽ ይመኑ ዞሩ። ጋሽ ይመኑ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ጥሩንባው ባይደርሰኝስ?» አሉ። «በማግስቱ በሰው ሰምቻለሁ። ያኔ መምጣት ነበረብኝ። ለምን ለኔ አልተነፋም ብዬ ኮራሁ። በለቅሶ ይኮራል? እግዜር ያጥናሽ የውብዳር፣ ነፍሷን ይማር።»

እትዬ የውብዳር ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«እኔስ ጠይቄህ አውቃለሁ? ጠላሁህ ብዬ ተቀመጥኩ እንጂ። ናፍቀኸኝ ነበር፣ አንተ ግትር» አሉ፤ መቀነታቸውንም ፈቱ። «ተነሡ፣ ልጅቷን አናስመሽ!»

ከዚያማ ማን ያቆመዋል! ውሻው ታሰረ፣ ጥሩንባው ተናገረ፣ እትዬ የውብዳር አናገሩ፣ ጋሽ ይመኑ ቆሙ፣ መሰላሉ ወጣ፣ መጋዙ ቆረጠ፣ ቅርንጫፉ ወረደ፣ መብራቱ መጣ፣ ላፕቶፑ ተነሣ፣ ትርንጎም ጉንጯ ላይ ጭቃ እንዳለ ከመምህራኖቿ ፊት ተቀመጠች።

«ከማኅበረሰቡ ጋር የሠራሽውን አንድ ሥራ ንገሪን» አሉ ዋናው መምህር፣ በሦስት ዓመት ሲስቁ አይታቸው የማታውቃቸው። «ችግሩን ከየት ይዘሽ የት አደረስሽው?»

ትርንጎ ለዚህ ጥያቄ ያዘጋጀችው ረጅም ጽሑፍ ነበራት። ገፋ አደረገችውና ከላፕቶፑ ጀምራ እስከ ውሻው፣ ከውሻው ተነሥታ እስከ ላፕቶፑ ነገረቻቸው። የእትዬ የውብዳርን እንባ ስትናገር መምህራኑ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ፤ ከአያ ቢተው መጣፊያ ላይ ስትደርስ ዋናው መምህር መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ።

«ይህን ሁሉ መቼ ነው የሠራሽው?»

«ዛሬ፣ ከቁርስ በኋላ።»

«ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ይላል አገሩ» አሉ መምህሩ። «ያውም ሥሩ የራስን ደጅ ሲነካ አለመሸሽ፣ እሱን ማስተማር አንችልም፤ ይዘሽው መጣሽ። እንኳን ደስ አለሽ፣ ማስተርስሽን ይዘሻል!»

ትርንጎ ጮኸች። መስኮት ሥር ሲያደምጡ የነበሩት አያ ቢተው ደግሞ ምን ያህል ደስ ቢላቸው ነው፣ ጥሩንባቸውን አንሥተው ነፉት! በዚያ ከተማ ጥሩንባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ባዶ እግሩን ጭምር፣ ከየቤቱ ወጣ።

«ማን ሞተ? ኧረ ማን ሞተ?»

«ማንም!» አሉ አያ ቢተው እየዘለሉ። «ትርንጎ ማስተርሷን ያዘች! መጠለያው አይዘጋም!»

«አንተ ሰው፣ ልባችንን አወለቅኸው!» ብለው ሴቶቹ ተቆጡ፤ ቁጣቸው ሳያልቅ ነጠላቸውን አቃኑና እልልታውን አቀለጡት። የመጠለያው ልጆች እየሮጡ መጥተው ትርንጎን ከበቧት፤ ትንሿ ልጅ ቀሚሷን ይዛ «አንሄድም አይደል?» አለቻት። «አትሄዱም፣ የትም አትሄዱም» አለች ትርንጎ፣ አሁን ገና እያለቀሰች። አያ ቢተው መንገዱን ያዙ፤ ደረታቸውን ነፍተው በታሰረው ውሻ ፊት አለፉ፣ እሱ ጮኸ እሳቸው ነፉ፣ እስከ መጨረሻው ደጅ ደረሱ። ጋሽ ይመኑ በራቸውን በርግደው ወጡ።

«ሰማሁ!» አሉ፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው። «ዛሬስ ሰማሁ!»

ተረቴን ንገሩ፣ ውሻችሁን እሰሩ።