የቀይዋ ሞተር የኋላ መቀመጫ

በሐርቡና በአካባቢዋ አንድ ሰው አልጋ ሲገዛ፣ ቤት ሲከራይ፣ አልፎ ተርፎም ልጁን ሲድር፣ ከጎኑ ያለ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ አንዲት አባባል ጣል ያደርግበታል። ሰሚው አብዛኛውን ጊዜ ይስቃል። መነሻዋን የሚያውቅ ግን አይስቅም፤ የአንዲት እናት ነገር አለባትና።

ሲራጅ በሐርቡ ከታላቅ እህቱ ከሉባባ ጋር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበረው። ልፋቱም ትርፉም የጋራ ነው። እናታቸው ዘምዘም ደግሞ ከከተማው ርቃ፣ ቆላ ውስጥ መልካ ጨፌ በምትባል መንደር ትኖር ነበር። ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደዚያ የሚወርደው መንገድ ኮረኮንች ስለሆነ በገበያ ቀን ከምትወርደው የጭነት መኪና በቀር መኪና የሚባል አይደፍረውም።

ሉባባና እናቷ ከተለያዩ ዓመታት አልፈዋል። ሉባባ እናቷ ያልወደደችላትን ሰው አግብታ የሄደች ቀን፣ ዘምዘም ደጃፏ ላይ ቆማ «ያጠባሁሽ ጡቴ ይፋረድሽ!» አለቻት። ሰውየው ብዙም ሳይቆይ ጥሏት ጠፋ። ሉባባ ወንድሟ ዘንድ ሐርቡ ተመለሰች፤ መልካ ጨፌ ግን ወርዳ የእናቷን ደጅ መርገጥ አልሆነላትም። ኀፍረቱና እርግማኑ ተጋግዘው እግሯን አሰሩት። የምትፈራው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እናቷ አፉ ሳትላት፣ ይቅር ሳትላት እንዳትሞትባት። በዚያ አገር ታማሚ ሲከፋበት ዘመድ አዝማዱ አልጋው ሥር ተንበርክኮ «አፉ በለኝ» ይላል፣ እሱም አፉ ብሎ ይሰናበታል። እናቱ አፉ ሳትለው የቀረ ልጅ በሰው መሐል ቀና ብሎ መሄድ ይከብደዋል።

ዘምዘም ዓይኗ ደከመ፤ ቀጥሎ ገላዋ ደከመ። ሆዷም ራራ። ጎረቤቷን ሼህ ይማምን «ያቺን ልጅ አምጡልኝ» ብላ ላከቻቸው። ሉባባ መልእክቱን ስትሰማ ወደ እናቷ ደውላ አለቀሰች።

«እማ እባክሽ፣ በስልኩ አፉ በይኝ።»

«የስልክ አፉታ አላውቅም» አለች ዘምዘም። «እጅሽን ይዤ ነው። ነይ።»

ሉባባ ስልኩን ዘጋችና ወንድሟን አየችው። «ብቻዬን ደጃፏ ላይ አልቆምም። በገበያ መኪና ላይ ተጭኜ፣ መንደሩ ሁሉ እያየኝም አልገባም። አንተ ፊት ፊት ግባ፤ እኔ ከኋላህ ተጠግቼ እገባለሁ።»

ሞተር ይገዛ የተባለው ለዚህ ነው። ለሲራጅ ደግሞ ሞተር ነፍሱ ነው። ከሱቁ ፊት ለፊት ባለው አስፋልት አንዲት የስፖርት ሞተር እየጮኸች ካለፈች፣ የሚለካውን ጨርቅ ትቶ በር ላይ ይቆማል።

«ስፖርቷን ልግዛ?» አላት።

«ነጂው አንተ ነህ፣ ምን ቸገረኝ። ብቻ ለሁለታችን ምረጥ። እኔ ከኋላ መሆኔን አትርሳ።»

«ምን ነካሽ፣ እረሳለሁ እንዴ?» አላት ሲራጅ። ከልቡም ነበር።

ኮምቦልቻ በሄደ ቀን ሼህ ይማምን ለዘምዘም መድኃኒት ሊገዙ መጥተው አገኛቸው። አዲስ ንብረት ያለ ሽማግሌ ምርቃት አይያዝምና፣ እጃቸውን ይዞ ሞተር ቤት ገባ።

«ለብቻህ ነው ወይስ ሰው ትጭናለህ?» አለው ሻጩ።

«ሁለቱንም።»

ሻጩ ወደ አንዲት ሰማያዊ ሞተር ወሰደው። «እንግዲያው ይቺ ትሁንህ። ስፖርት ናት፣ ግን ኋላዋም ሰው አይጎዳም። መቀመጫዋ ረጅምና ለጥ ያለ ነው፤ የእግር ማሳረፊያዋም ዝቅ ይላል። ይሄን ብረት ደግሞ ከኋላ ያለው ሰው ይይዘዋል። ሰው ስትጭን የኋላ ሞላዋን ጠበቅ ታደርጋለህ፣ አለቀ።»

ሲራጅ በጆሮው ሰማው። ዓይኑ ግን ግድግዳው ሥር የቆመች አንዲት ቀይ ሞተር ላይ ነበር። ፊቷን ደፍታ ኋላዋን ወደ ሰማይ ሰቅላለች። ከነጂው መቀመጫ በላይ፣ ሽቅብ በሾለው ጫፏ ላይ፣ መዳፍ የምታህል ሌላ መቀመጫ አለች። የእግር ማሳረፊያዎቹም እዚያው መቀመጫዋ ሥር የተንጠለጠሉ ናቸው። ሲራጅ አስነስቶ ግቢውን ዞረባት። ሲወርድ የሱቁንም የቆላውንም ነገር ረስቶት ነበር።

«ይቺስ ሰው ትጭናለች?»

«መቀመጫ አላት አይደል? ትጭናለች» አለ ሻጩ። ገዢ ዓይኑን ከጣለ ወዲያ የሚከራከር ነጋዴ የት አለ?

«ቆይ እስቲ፣ እኔ ሉባባን ልሁን» አሉ ሼህ ይማም። ሽርጣቸውን ሰብስበው፣ የሲራጅን ትከሻ ተመርኩዘው በመከራ ወጡ። ጉልበታቸው አገጫቸው ሥር ደረሰ። ሲራጅ ትንሽ ነድቶ ፍሬን ሲይዝ፣ ግንባራቸው ሄዶ ጀርባው ላይ አረፈ። እንደወጡት በመከራ ወረዱ።

«ልጄ፣ ይቺ ከኋላ ያለውን ሰው አልወደደችውም።»

«ሼሁ ደግሞ! እርስዎ በቅሎ ስለለመዱ ነው። ሉባባ ቀጭን ናት፣ ትለምደዋለች።»

«እሷኑ አምጥተህ ብታስቀምጣትስ? ሐርቡ እኮ እዚሁ ናት።»

«እስክመለስ ሌላ ሰው ቢገዛትስ?»

እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ሉባባ ከመጣች ሰማያዊዋን እንደምትመርጥ ሲራጅ አሳምሮ ያውቃል። ሼህ ይማም እጃቸውን ዘረጉ። «አላህ ለሁለታችሁ ያድርጋት» አሉ። ሲራጅ ከማንም በላይ ጮክ ብሎ «አሚን» አለ።

ሐርቡ ሲገባ ወጣቱ ሁሉ ከበበው። ሉባባ ከሱቅ ወጥታ ሞተሯን አንዴ ዞረቻት።

«እኔ የት ነኝ?» አለች።

ሲራጅ ሽቅብ የሾለችውን መቀመጫ መታ መታ አደረገ።

«እዚህማ ድመትም አትቀመጥም!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን አልቆየም። የተገዛ ተገዝቷል፤ ወንድሟን በሰው ፊት ማሳፈር አልፈለገችም። ለእናቷ የገዛችውን ቀሚስ በፌስታል ጠቅልላ፣ መቼ እንደሚሄዱ ጠየቀችው።

«ሮዳጅ ትጨርስ» አላት። አዲስ ሞተር እስኪፍታታ ዳገትና ጭነት አይወድም ማለቱ ነው። ሉባባን እንዳትጭን የተከለከለች ሞተር ለሲራጅ ግን ጠዋትም ማታም አስፋልቱ ላይ ትበር ነበር። ሉባባ ፌስታሏን እያየች ትጠይቀዋለች፤ እሱም «ትንሽ ቀራት» ይላታል። ክፋት አልነበረበትም። ቆላው መንገድ ላይ ከኋላው ሰው ጭኖ መንዳቱን፣ ለራሱ እንኳ ሳይነግረው፣ ፈርቶት ነበር።

አንድ ጠዋት ሼህ ይማም ደወሉ። «እናታችሁ ዛሬን መዋሏን እንጃ። ሉባባን እየጠራች ነው። ድረሱ» አሉ። የሮዳጁ ወሬ እዚያው ላይ አበቃ።

በአስፋልቱ እንደምንም ሄዱ። ኮረኮንቹ ላይ ግን መከራው መጣ። ሲራጅ ፍሬን በያዘ ቁጥር ሉባባ ተንሸራታ ትጫነዋለች፤ ክንዱ መሪውን መያዝ ያቅተዋል። ነዳጅ ሲሰጥ ደግሞ ወደ ኋላ ትሄድበታለች። የምትይዘው ብረት የለ፣ ወገቡን ጨምድዳ «ቀስ! ቀስ በል ወንድሜ!» ትላለች። አንድ ጠጠር የበዛበት ዳገት ላይ ሞተሯ ልትቆምበት ሆነችና ሲራጅ ነዳጅ በኃይል ሰጣት። ቀይዋ እንደ ልማዷ ተፈናጠረች። ጀርባው ድንገት ቀለለው።

ዞር ሲል ሉባባ መንገዱ ላይ ተቀምጣ ቁርጭምጭሚቷን ይዛለች። ፌስታሉን አልለቀቀችም።

«ምንም አልሆንኩ። አንሳኝ፣ እንሂድ» አለች።

አነሳት። ግን እዚያ ላይ ወጥቶ ለመቀመጥ እግርን በደንብ ማጠፍ ይጠይቃል፤ ያበጠው እግሯ ደግሞ አልታጠፍ አለ። ሞከረች፣ ጮኸች፤ እንደገና ሞከረች። በመጨረሻ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ሸፈነች።

«ሂድ» አለችው። «መንገድ ላይ ናት በላት። እንድትጠብቀኝ ንገራት።»

«ብቻዬን ገብቼ ምን ልላት ነው ሉባባ?»

«ሂድ አልኩህ! ሰዓቱ እየሄደ ነው!»

እርሻ ውስጥ የነበረ ሰው ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። ሲራጅ የጭነት ከብት ፈልጎ እንዲያደርሳት ለምኖ፣ እህቱን እዚያው ትቷት ተነሳ። እሱ ብቻውን ሲሆን ሞተሯ ክንፍ አወጣች። ያ ሁሉ ዳገት፣ ያ ሁሉ ጠጠር ምንም አልመሰላት። ሲራጅ እንዲህ መብረሯን ነበር የወደደላት፤ ያን ቀን ግን ጠላት። በሄደች ቁጥር ከእህቱ ይርቃል፣ ቀስ ካለ ደግሞ እናቱ አትጠብቀውም። እያለቀሰ ነዳ።

የሞተሩን ድምፅ ስትሰማ ዘምዘም «መጡ» አለች አሉ። ሲራጅ ገብቶ ሲንበረከክ እጇ ተዘርግቶ አገኘው። እጁን ሰጣት። ዓይኗ አያይም፤ በጣቶቿ ዳበሰችው።

«ይሄ የሲራጅ ነው» አለች። «የሷስ?»

«እየመጣች ነው እማ። መንገድ ላይ ናት።»

«ከኋላህ የለችም?»

ከኋላው በሩ ብቻ ነበር።

«እማ፣ አፉታውን ለእኔ ስጪኝ። ሳላጎድል አደርስላታለሁ።»

ዘምዘም ራሷን ነቀነቀች። የእሱን እጅ ገፋ አድርጋ፣ መዳፏን እንደገና ከፈተችው። «እጇን» አለች።

ሲራጅ ዘሎ ወጣና ሞተሩን ያዘ። ሼህ ይማም በር ላይ ቆመው ነበር።

«ወዴት ነው?»

«ላመጣት ነው!»

«በምን?»

ሲራጅ መዳፍ የምታህለውን መቀመጫ አየ። ቁልፉ ከእጁ ወደቀ። ሼሁ ወደ ጎረቤት ዞረው በቅሎ እንዲጫን አዘዙ። በቅሎዋ ተጭና ከግቢው ሳትወጣ፣ ከቤት ውስጥ እሪታ ተሰማ።

ጀናዛ አይቆይም፤ የአገሩ ደንብ ነው። ሲራጅ የሼሁን ጉልበት ይዞ «ትድረስ፣ ፊቷን እንኳ ትይ» ብሎ ለመነ። እሳቸውም አንጀታቸው አልቻለም፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሽማግሌዎቹን አስታገሱለት። ከዚያ በላይ ግን አልሆነም። ሲራጅ እናቱን ከተሸካሚዎቹ ጋር ተሸክሞ ሄደ፤ አፈሩንም በእጁ መለሰ። በልቡ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰማያዊዋን ብገዛ ኖሮ።

ከቀብር ሲመለሱ፣ መንደሩ መግቢያ ላይ ከሉባባ ጋር ተገናኙ። ያ የእርሻ ሰው በአህያ ጭኗት ይመራታል። እግሯ በሻሿ ታስሯል፤ የእናቷ ቀሚስ ጭኗ ላይ ነው። ወንዶቹ ሁሉ አፈር በነካ እጅ ሲመጡ አየች፤ ለማንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። አልጮኸችም። ወንድሟን ብቻ አየችው።

«አፉ አለችኝ?»

ሲራጅ አዎ ሊል አፉን ከፈተ። የእናቱ መቃብር አፈር እጁ ላይ እያለ መዋሸት አልሆነለትም።

«እጅሽን ስትጠብቅ ነበር» አላት።

ሉባባ እጇን ገልብጣ አየችው። ከዚያ ቀሚሱን ፊቷ ላይ አድርጋ እዚያው አህያው ላይ ጎበጠች። ሊያጽናናት የደፈረ ሰው አልነበረም፤ ሲራጅ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ከቀባሪዎቹ አንዱ ነገሩ ግራ ገብቶት፣ አጥሩ ሥር የቆመችውን ቀይ ሞተር አየና «አብራችሁ አልነበር እንዴ የተነሳችሁት? ምነው አንተ ብቻህን ደረስክ?» አለው።

ሼህ ይማም ናቸው በሲራጅ ፈንታ፣ ቁጣም ሳይኖርባቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የመለሱለት፦

«ለብቻው የመረጠ ብቻውን ይደርሳል።»