ባዶ ሙቀጫ የሚወቀጥበት ቀን

በአልጄሪያ በረሃ፣ ታመሊት በምትባል የተምር መንደር፣ የመሬት ውስጥ ቦይ በሚጠረግበት ቀን ሴቶች አሸዋው ላይ ሙቀጫ ደርድረው ሲወቅጡ ይውላሉ። ሙቀጫው ባዶ ነው። እንግዳ አይቶ ቢስቅ አይቀየሙትም፤ አንዱ ሽማግሌ ጥላ ሥር ያስቀምጠውና ነገሩን ከሥሩ ያጫውተዋል።

እንደሚነገረው፣ አገሩ በሰሜን ባሕርና ተራራ፣ በደቡብ ማለቂያ የሌለው አሸዋ ነውና፣ ከተራራው የወረዱት ነባሮቹ አማዚጎችና ግመል እየነዱ ከምሥራቅ የመጡት ዐረቦች ታመሊት ላይ ተገናኝተው ጎን ለጎን ተምር ተከሉ፤ እየተጋቡም እየተኳረፉም ኖሩ። ቱዳ የአማዚጎቹ ልጅ ስትሆን ባሏ ሚሉድ ከዐረቦቹ ወገን ነበር።

አንድ ዘመን የመንደሩ ጉድጓድ ነጠፈ። ተምሩ ከደረቀ ሁሉም ወደ መጣበት መበተኑ ነው፤ ቱዳም ወይ ከባሏ ወይ ከወንድሟ መለየቷ ነው። ስለዚህ ከዳገቱ ሥር ያለውን ምንጭ ፀሐይ እንዳይጠጣው በመሬት ውስጥ ሊያመጡት ተነሡ። ወንድሟ ባሃ ከዳገቱ፣ ሚሉድ ከአትክልቱ በኩል ቆፍረው መሐል ሊገናኙ ተስማሙ፤ የተስማሙትም በሽማግሌ አፍ እንጂ እነሱስ ከተኳረፉ ቆይተዋል።

ቱዳ ለባሏ ምሳ ይዛ ወደ ቁፋሮው ብትወርድ የወንድሟ ዶማ ከፊት ሳይሆን ከኋላ ይሰማታል። ተላልፈዋል። ለባሏ ብትነግረው «እሱ ይዙር» አለ፤ ወንድሟ ዘንድ ሮጣ ብትሄድ እሱም ያንኑ። ወደ ባላንጣ ዞሮ መቆፈር ውርደት ነዋ!

ቱዳ ሙቀጫዋን ከቤት አንከባልላ አወጣች፤ ከሁለቱ ዶማዎች መሐል በላይ ባለው አሸዋ ላይ አቁማም ባለ በሌለ ኃይሏ ትወቅጥ ጀመር። አማቷ ደንግጣ እህል በሌለበት ምን እንደምትወቅጥ ጠየቀቻት።

«ወደ እኔ ቢዞሩ የሚያፍር የለም፣ እማ» አለቻት።

አማቷ ነገሩ ገባት፤ የራሷን ሙቀጫና ዘነዘና ይዛ መጣች፤ የሁለቱም ወገን ሴቶች ተከተሏት። ምድሩ ተንቀጠቀጠ ይባላል። ከሥር ያሉት ዶማዎች ሁለቱም ወደ ሙቀጫው ድምፅ ዞሩ። ግድግዳው ሲናድ ባሃና ሚሉድ ፊት ለፊት ተፋጠጡ፤ ተያይዘውም ሄደው ቁፋሮው እስኪያልቅ የምንጩን ውሃ የያዘውን ግድብ አፈረሱት። ውሃው እየጋለበ አለፋቸው! ጭቃ እንደለበሱ ተቃቅፈው ሲወጡ ቱዳ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ዘነዘናዋን ግን አለቀቀችም።

ዛሬም በጠረጋው ቀን ማን ቀድሞ እንደዞረ ሲጠየቅ የባሃ ዘሮች «አባታችን ነው» ይላሉ፤ የሚሉድ ዘሮችም «አባታችን ነው» ብለው ይከራከራሉ። ሴቶቹ ለማንም አይፈርዱም። ይወቅጣሉ።