ኤፍ ሁለት አልወርድ አለ

ተረቴ አጭር ናት፤ ጅራቷ ግን እየሄደች ትረዝማለች።

ትርሲት የምትባል የቴክኒክ ኮሌጅ ተማሪ ነበረች። በኮምፒውተሯ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ሠርታለች፤ ቨርችዋል ማሽን ይሉታል፣ አካል የለውም፣ ስክሪን ላይ ብቻ ይኖራል። ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ የሚነገረው ባዮስ በሚባል ገጽ ነው። ከሰዓት የሙያ ምዘና አለባት፤ ማሽኑ ካልተነሳ ትወድቃለች። ባዮስን ደግሞ አይታው ስለማታውቅ ምን እንደሚመስል ለማየት ጓጉታለች።

ባዮስን "ክፈትልኝ" አለችው። "ማሽኑ እንደበራ ኤፍ ሁለት የሚባለውን የኪቦርድ ቁልፍ ቶሎ ካልተጫንሽ አልከፍትም" አለ።

ኤፍ ሁለትን "ውረድ" አለችው። "ላስቲክ ለብሼ እንዴት ልውረድ?" አለ። በዚያ ኮሌጅ ኪቦርድ ሁሉ፣ እንደየቤታችን ሪሞት፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው የሚኖረው። ኤፍ ሁለት አልወርድ አለ፤ ባዮስ አልከፍት አለ።

ወደ ንብረት ክፍሉ ጋሽ ድልነሳው ሄደች። "ላስቲኩን ያንሱልኝ ጋሼ።"

"ልጄ፣ ውጭ መንገድ እየተሠራ፣ አቧራው በመስኮት እየገባ? ነገ ሲበላሽ የሚጠየቀው ድልነሳው ነው።"

ጋሽ ድልነሳው ላስቲኩን አላነሳ አሉ፤ ኤፍ ሁለት አልወርድ አለ፤ ባዮስ አልከፍት አለ።

መስኮቱን ገፋችው። "አብጫለሁ፤ በአናጢ ካልተላግሁ አልዘጋም" አለ። መስኮቱ አልዘጋ አለ፤ ጋሽ ድልነሳው ላስቲኩን አላነሳ አሉ፤ ኤፍ ሁለት አልወርድ አለ፤ ባዮስ አልከፍት አለ።

ወደ ኮሌጁ አናጢ ወደ ጋሽ ወርዶፋ ሮጠች። ቀና እንኳ አላሉም። "ዛሬ የወንበር ቀን ነው። መስኮት ሐሙስ ነው" አሉ።

ጋሽ ወርዶፋ መስኮት አልልግ አሉ፤ መስኮቱ አልዘጋ አለ፤ ጋሽ ድልነሳው ላስቲኩን አላነሳ አሉ፤ ኤፍ ሁለት አልወርድ አለ፤ ባዮስ አልከፍት አለ።

ትርሲት እንባዋ መጣ። "ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ኮምፒውተር እኮ አልነሳ ብሎኝ ነው" አለች።

ጋሽ ወርዶፋ መላጊያቸውን አስቀመጡ። "ምን ውስጥ ያለው ምን?"

"ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ኮምፒውተር።"

"ሳጥን ውስጥ ሳጥን ሠርቼ አውቃለሁ። ይሄን ካላየሁማ እጄም ሥራ አይዝልኝ። ነይ፣ ቅደሚ።"

ያን ጊዜ ጋሽ ወርዶፋ መስኮቱን ላጉ፤ መስኮቱ ተዘጋ፤ ጋሽ ድልነሳው እያጉረመረሙ ላስቲኩን አነሱ፤ ኤፍ ሁለት ወረደ፤ ባዮስ ከፈተ።

ግራጫ ገጽ ነው፣ ጽሑፍ ብቻ። ትርሲት ግን ደስታዋ ወሰን አጣ። የሚነሳበትን ዲስክ ወደ ዝርዝሩ አናት አወጣችው፤ ማሽኑ ተነሳ። ጋሽ ወርዶፋ ሌላውን ኮምፒውተር ፍለጋ ከስክሪኑ ጀርባ ዞረዋል። ጋሽ ድልነሳው ዓይናቸው ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ኪቦርድ ሲጠብቁ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ አንድም ቀን ነክተውት አያውቁም።

"ትርሲት ልጄ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ "አንዴ እኔም ልጫነው?"