የሽመላው አረማመድ

ተረት ተረት፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ።

በአንድ ሐይቅ ዳር የሚኖር ሽማግሌ አዞ ብዙ ቀን ምግብ ሳይቀምስ ቆየ። አንድ ቀን ጠዋት ሽመላ በውሃው ዳር እየተራመደ ሲመጣ አየና ግንድ መስሎ ጠበቀው።

ሽመላው ቅርፊታም እግሩን ያነሳል፤ ጣቶቹን ሰብስቦ ለአፍታ ይቆማል፤ ከዚያ አንገቱን ወደፊት ሰዶ ቀስ ብሎ ይረግጣል። አዞው ሊዘልበት ሲል አረማመዱ ከድሮ የሚያውቀው ሆነበት።

«አንተ ልጅ፣ እንዲህ መራመድ ማን አስተማረህ?» አለው።

ሽመላው ክው አለ። «አባቴ ነው፣ አያ አዞ። ዳክዬዎቹ ግን ‹የእንሽላሊት እግር› እያሉ ይስቁብናል።»

«ቅድመ አያቶችህን ስላላዩ ነው! ሰው ገና ሳይፈጠር፣ እነዚያ ግዙፍ እንሽላሊቶች በሁለት እግራቸው ሲቆሙ ከዛፍ ይበልጡ ነበር። ሲረግጡ ሐይቁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ያኔ ትንሽ ነበርኩ፤ ከእናቴ ሥር ተደብቄ እሰማቸው ነበር።»

«አሁን የት ናቸው?»

አዞው በአፍንጫው ወደ ውሃው ዳር ጠቆመ። «እስቲ እስከዚያ ደንገል ድረስ ሂድልኝ» አለው፤ «እንዳትበር፣ በእግርህ።»

ሽመላው እየፈራ ጀርባውን ሰጥቶ ተራመደ። አዞው ዓይኑን ጨፍኖ የእርምጃው ድምፅ እስኪጠፋ አዳመጠ፤ ያን ቀንም ጦሙን አደረ።

ተረቴ አለቀ፤ የሰማ ለልጁ ያውርስ።