የአያ ፈንቴ ፍየል

ተረት ሁሉ ከሽማግሌ አፍ ተንጠባጥቦ የወረደ የሚመስለው ሰው ሞልቷል። አንዳንዱ ግን ጭቃ ውስጥ ነው የተወለደው፤ ወላጆቹም ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት የሰበሰቡ ሰዎች ናቸው። ጉድባ ሜዳ በሚባለው መንደር አንድ ሰው ሳይጠራ ደርሶ ሲያግዝ "ምነው፣ ፍየል ጠፋችህ እንዴ?" ተብሎ የሚሳቀው ያለ ነገር አይደለም።

ነገሩ የጀመረው ጎሹ የሚባል ልብስ ሰፊ ሚስቱን የሻረግን ይዞ፣ የስፌት መኪናውን በአህያ ጭኖ፣ አባቱ በተወለት መሬት ላይ ቤት ሊሠራ ከከተማ የመጣ ጊዜ ነው። የሻረግ ያኔ ሆዷ ገፍቶ መቀነቷ አልደርስ ብሏታል። ቤቱ እስኪያልቅ የሚያድሩት በላስቲክ ዳስ ውስጥ ነበር፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ዳሱ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል። እሷ እግዜርን የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክረምቱ ሳይገባ፣ ልጇ ግድግዳ ባለው ቤት ውስጥ እንዲወለድ።

ጎሹ ሰነፍ አይደለም። ምሰሶውን ተከለ፣ ማገሩን አሰረ፣ ቆርቆሮውንም መታ። የቀረው ጭቃው ነው። የጭቃ ነገር ደግሞ የታወቀ ነው፤ ከጭድ ጋር ቦክቶ፣ በብዙ እግር ተረግጦ፣ ቶሎ ካልተመረገ ገሚሱ ሲደርቅ ገሚሱ ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው አገሩ ሁሉ ለምርጊት ደቦ የሚጠራው። ጎሹ ግን ደቦ የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል።

ምክንያት ነበረው። የአባቱን ቤት የመረገው ደቦ ነበር። የመጣው ሰው ሁሉ ስለ በሩ አፉን ከፈተ፤ አንዱ ወደ ላይ ይዙር አለ፣ አንዱ ወደ ታች፣ በመጨረሻ በሩ ወደ ጎረቤት በረት ዞሮ ቁጭ አለ። ቤተሰቡ ዕድሜ ልኩን የሰው ከብት ጭራ እያየ ቁርሱን በላ። ይባስ ብሎ አባትየው ከሰው በተጣላ ቁጥር "አንተ ደግሞ! ጎጆህን ማን መረገልህና!" ይባላል። ስለዚህ ጎሹ አንድ እሑድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ጠብቆ፣ "ለቤቴ ሰው ብጠራ ወንድ አይደለሁም!" ብሎ ማለ። ወንድነቱን የተጠራጠረ እንኳ አልነበረም፤ የሚስቱ ሆድ ምስክር ነው።

"አሁን ማን ጠየቀህ?" አለችው የሻረግ እየተመለሱ።

"አውቀው ይረፉ ብዬ ነዋ።"

"እነሱማ ዐርፈዋል። እኔ ነኝ ያላረፍኩት።"

ጭቃው በቦካ ጊዜ ጎሹ ብቻውን ገባበት። ውድማ ላይ ጓደኛው የሞተበት በሬ ይመስል ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። አንዱን ጥግ ረግጦ ሲመለስ ሌላው ጠጥሮ ይጠብቀዋል። የሻረግ ቀሚሷን ሰብስባ ልትገባ ስትል "ውጪ! ልጄን ጭቃ ውስጥ ልትወልጂው ነው?" ብሎ ጮኸባት። ከተራራው ወዲያ ሰማዩ አጉረመረመ። ሲመሽ ጎሹ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። መሐላው ጉሮሮው ላይ እንደ አጥንት ተሰንቅሮ፣ ለመዋጥም ለመትፋትም እንዳስቸገረው ሚስቱ አየች። "ይበልህ" ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ አዘነችለትና ተወችው።

በማግስቱ ማለዳ ምንጭ ወርዳ እትዬ ማንጠግቦሽን አገኘቻቸው። የሰፈሩ ወሬ በእሳቸው በኩል ሳያልፍ የትም አይደርስም።

"እትዬ፣ እኔ ሰው አልጠራሁም" አለች ጀሪካኗን እያጠበች።

"አልጠራሽም።"

"ጎሹም አልጠራም።"

"ኧረ እሱማ ምሏል!"

"ብቻ ጭቃው ቦክቷል። ንፍሮም ቀቅያለሁ፤ እርጉዝ አይደለሁ፣ አምሮኝ ነው። አንድ ትልቅ ድስት ሙሉ።"

እትዬ ማንጠግቦሽ ሆዷን አየት አደረጉ። "አምሮት ክፉ ነው" አሉና ውሃ ሳይቀዱ ሽቅብ ወጡ።

ጎሹ ጭቃውን ዳግመኛ ውሃ አጠጥቶ መርገጥ እንደ ጀመረ፣ የመንደሩ ሽማግሌ አያ ፈንቴ ብቅ አሉ።

"እንደምን አደርክ ልጄ። ፍየል ጠፍታኝ ነው።"

"እዚህስ አልመጣችም፣ አያ።"

"ጥቁር ናት። ጭቃ ውስጥ ብትተኛ በዓይን አትታይም፤ በእግር ነው የምትፈለገው" አሉና ሱሪያቸውን ሰብስበው ዘው!

ጎሹ አፉን እንደከፈተ እትዬ ማንጠግቦሽ ወንፊት ሊዋሱ መጡ፤ ወንፊቱ እስኪገኝ "ከመቆም ይሻላል" ብለው ገቡ። ታደለ የሚባለውን ጎረምሳ ደግሞ እሾህ ወግቶታል። "ለእሾህ እኮ ጭቃ ፍቱን ነው" አለ፤ ሁለቱንም እግሩን ወግቶት ኖሯል። አንዱ ማጭዱን፣ አንዱ ግልገሉን፣ አንዷ የጆሮ ሎቲዋን ፈላጊ ሆኑና፣ ፀሐይ ከፍ ሳትል የጭቃው ጉድጓድ በሰው እግር ተሞላ። ጭቃው እንደ ቅቤ ለዘበ።

"ውይ፣ እጄ ቆሸሸ! ምን ላይ ልጥረገው?" አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ፤ ወንፊቱን ከረሱት ቆይተዋል። የጠረጉት ግድግዳው ላይ ነው፤ በሁለት እጃቸው፣ ከማገር እስከ ማገር፣ ልስልስ አድርገው። እጅ መጥረግ እንደ ጉንፋን ከሰው ሰው ተላለፈ።

ታደለ መሀል ላይ "በሩ ግን ወደ ምሥራቅ ቢዞር..." ብሎ ሲጀምር፣ አያ ፈንቴ ዞረው "አንተ እሾህህን አውጣ!" አሉት። ታደለም እሾሁን ወደ ማውጣቱ ተመለሰ።

ያኔ ነው ሰዉ ሆን ብሎ ሊያግዘው መምጣቱ ለጎሹ የገባው። ጭቃ ሊያነሣ ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። ቀና ሲል ጉንጩ ላይ ያለው ጭቃ በሁለት መስመር ታጥቦ የሻረግ አየች፤ አይታም እንዳላየች ሆና ወደ ንፍሮዋ ሄደች።

ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ የጀመረው የመጨረሻው እፍኝ ጭቃ ከተለጠፈ በኋላ ነው። ጣሪያው ክፈፉ ሰፊ ስለነበር ግድግዳው ጠብታ አልነካውም። ሁሉም ተጠጋግተው ውስጥ ገቡ፤ ንፍሮው ቀረበ፣ "ለክርስትናው" ተብሎ የተጠመቀው ጠላም ክርስትናውን ሳይጠብቅ ተከፈተ። ቤቱ ጭቃ ጭቃ ይሸታል። የሻረግ ምሰሶውን ተደግፋ ሽታውን ሳበችው፤ ልጇ ውስጧ ተገላበጠ፣ እሷም "ቤትህ ነው" አለችው በሆዷ።

ጎሹ ጣሳውን ይዞ ተነሣ። "እኔ..." አለና ጣሳውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። "እኔ ሰው አልጠራሁም።"

"አልጠራህም!" አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

"እግዜር ግን ጠርቷችኋል። ውለታችሁን እሱ ይመልስልኝ፤ እኔ ለእናንተ የሚበቃ አፍ የለኝም። ያለኝ እግር ነው፤ የማናችሁም ጭቃ ሲረገጥ እግሬ እዚያ አለ።" ወደ አያ ፈንቴ ዞረ። "እርስዎ ደግሞ አያ፣ ነገ በጠዋት ተነሥቼ ፍየልዎን ሳላገኝ አልመለስም።"

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። መጀመሪያ የፈነዳው ታደለ ነው።

"የምን ፍየል? አያ ፈንቴ እንኳን ፍየል ዶሮም የላቸውም!"

ሳቁ ዝናቡን አስናቀው። የሻረግ ሆዷን ደግፋ ሳቀች። አያ ፈንቴ ብቻ እንዳልሰሙ ሆነው በጣቶቻቸው መሀል የደረቀውን ጭቃ ይፈቀፍቃሉ።

"ታዲያ ስንፈልጋት የዋልነው የማንን ፍየል ነው?" አለ ጎሹ ዓይኑን እየጠረገ።

እትዬ ማንጠግቦሽ ጣሳቸውን ለማስሞላት ዘረጉና፣ "አይ አንተ፣ ይሄም ይጠየቃል?" አሉት፤ "የደግ ጎረቤት ፍየል፣ ጭቃ ሲቦካ ትጠፋለች።"