ውሃ የለበሰ ድንበር

አንጓች፣ ቀረብ በዪ፤ ከሩቅ የምጮህበት ጉሮሮ የለኝም። ሁዳዴ ገብቷል፣ ፀሐዩ በርትቷል፣ ግድቡም ሸሽቶ ዳርቻው ጭቃ ብቻ ሆኗል። የምነግርሽም የሆነው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። «እናታችን ስትሞት ትንሿን እህታችንን ለእኔ ነው አደራ ያለችው፤ ሌላዋ እህቴ ደግሞ ለእኔ ነው ትላለች፤ ከሁለታችን የሚዋሸው ማን ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ስሚኝ እንግዲህ።

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው። ከወንዝ ዳር ለም ማሳ ነበረው፤ ወንዙ ሲገደብ ውሃው መጥቶ ማሳውንም ቤቱንም ዋጠበት። ቀዬው በሙሉ ወደ ኮረብታው ወጣ። እሱም በሬዎቹን ሸጦ ታንኳና መረብ ገዛ፤ ምን ያድርግ፣ ውሃ አይታረስ።

የዚያ አገር ሰዎች ታዲያ ልባቸው ከመሬቱ አልተለየምና ውሃውን እንደ መሬት ተካፈሉት። «ከማሳዬ በላይ ያለው ውሃ የኔ ነው» ተባባሉ፤ ማንም ከሰው ማሳ በላይ መረብ አይጥልም። አትሳቂ፤ እነሱ አልሳቁም። ምልክታቸው ከውሃው ብቅ ብሎ የቀረ የዛፍ ጫፍ ነበር። ይህ ገበሬ ከማሳው ራስ ላይ አንድ ዋንዛ ነበረው። ጥቁር ወፎች ክንፋቸውን የሚያደርቁበትን የዋንዛውን ጫፍ እያየ፣ ከሥሩ መረቡን ይጥላል፤ ቆሮሶና አምባዛ የሚባሉትን ዓሦች ያወጣል። ጥቂት ዓመት እንዲህ ኖረ።

በኋላ ዝናብ የጠፋበት ዓመት መጣ። ግድቡ ጎደለ፤ መረቡም ባዶውን ይወጣ ጀመር። ዓሣ የሚሸጠው መቼስ በጾም ነው፤ ፋሲካ ካለፈ ሰው ፊቱን ወደ ሥጋ ያዞራል። ያን ሁዳዴ ካላጠመደ ሚስቱና ልጆቹ ክረምቱን የሚሻገሩበት እህል የላቸውም። ገበሬው ግራ ገባው። ቦታው ያው፣ ዋንዛው ያው፣ መረቡ ያው። ዓሣው የት ሄደ?

አንድ ጠዋት ሲመጣ፣ ጎረቤቱን እዚያው ዋንዛ ሥር መረብ ዘርግቶ አገኘው። ይህ ጎረቤት ድሮ በምድር ሳሉ አጥር ለአጥር አብሮት የኖረ፣ ከአንድ ገበታ የቆረሰ ሰው ነው።

«ከማሳዬ ላይ ውረድ» አለው ገበሬው።

«ይሄማ የኔ ነው፤ ያንተ ወዲያ ነው» አለ ጎረቤቱ።

«ዋንዛዬን አላውቀውም ልትለኝ ነው?»

«እስቲ ዓሣውን ጠይቀው፣ የማንን ሣር ሲግጥ እንዳደረ።»

ቀልዱ ገበሬውን አላሳቀውም። የጎረቤቱን መረብ ጎትቶ አወጣና ጠቅልሎ ዳር ጭቃው ላይ ወረወረው።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ሰምታ ኖሮ፣ «በምድር ሳለህ ድንበር ገፋ ተብለህ አታውቅም፤ አሁን በውሃ ልትካሰስ ነው?» አለችው።

«ዋንዛው የኔ ነው።»

«የኛው ዋንዛ ወደ ወንዙ ዘንበል ያለ አልነበር እንዴ?»

ዘንበል ያለ ነበር ወይስ ቀጥ ያለ? በልጅነቱ የወጣበትን ዛፍ ሊያስታውስ ዓይኑን ጨፈነ፤ የመጣለት ግን ዛፉ አይደለም፤ ከውሃው የወጣው ጫፍ ብቻ ነው። ሌላ የሚያየው ነገር አጣ። የሚያውቀውን ነገር አላውቀውም ማለት እንዴት እንደሚያስጨንቅ አንቺም ይኸው አየሽው፣ ሆዴ።

ውሃው እየሸሸ እየሸሸ ሄደ። አንድ ቀን ታንኳው ዋንዛው ሥር ጭቃ ላይ ተቀመጠችበት። ሊገፋት ወረደ፤ እግሩ ድንጋይ መታ። ጎንበስ ብሎ ጭቃውን ሲጠርግ ጉልቻ ነው። አጠገቡ ሌላ፤ ሦስተኛውም። የቤት መሠረት ዙሪያውን ከቦታል። አወቀው። የጎረቤቱ ምድጃ ነው፤ ስንት ክረምት እጁን ያሞቀበት ምድጃ። ዋንዛውም ከጎረቤቱ ጓሮ የነበረው ነው። የራሱ ዋንዛ ውሃ ውስጥ ወድቆ ኖሯል፤ መቼ እንደወደቀ እንኳ አላየም። ያን ሁሉ ዓመት መረብ ሲጥል የኖረው ከሰው ቤት ጣሪያ በላይ ነው።

እዚያው እንደቆመ ጎረቤቱ እየቀዘፈ መጣ፤ ጉልቻውንም አየ። ገበሬው «አሁን ይሰድበኛል» ብሎ ጠበቀ። ጎረቤቱ ግን ራሱን አከከ።

«እኔም እኮ እርግጠኛ አልነበርኩም» አለ። «ይህን ሁሉ ዓመት ያንተ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት። በኔ በኩል ዓሣ ቢጠፋ መጣሁ፤ አንተ ‹ውረድ› ስትለኝ ጊዜ እልህ ያዘኝና ‹የኔ ነው› አልኩ።»

ገበሬው ከታንኳው የመረቡን ጫፍ ሳበና ከጎረቤቱ መረብ ጫፍ ጋር ይቋጥረው ጀመር።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ያንተም አጭር ነው፤ የኔም አጭር ነው።»

«ከማን ማሳ ላይ ልንጥለው ነው ታዲያ?»

«ከወንዙ ላይ። ወንዙ የማንም አልነበረም።»

ውሃ ሲጎድል ዓሣ ወደ ጥልቁ፣ ወደ ድሮው ወንዝ መውረጃ ይሸሻል። ይህን ሁሉም ያውቁት ነበር። ግን ወንዙ የማንም ማሳ ስላልሆነ ማንም መረብ አልጣለበትም፤ የአንድ ሰው መረብም ከዳር ዳር አይደርስለትም። ሁለቱ ቋጥረው ጣሉት። በማግስቱ ሲጎትቱት ከበዳቸው።

አንጓች፣ የጠየቅሽኝ ይኸው ነው። አንቺም እህትሽም አልዋሻችሁም። የእናትሽ የመጨረሻ ቀን ውሃ ለብሷል፤ ሁለታችሁም የምታዩት ጫፉን ነው፤ ጫፍ ደግሞ ከጫፍ ይመሳሰላል። ለእነዚያ ሰዎች ውሃው ጎደለላቸውና አዩ። ለእናንተ አይጎድልም፤ እናትሽ ተመልሳ ለማን እንዳለች አትነግራችሁም። እናንተ ስትሟገቱ ልጅቷ ዛሬ ካንቺ፣ ነገ ከእህትሽ ታድራለች። ትናንት እኔ ዘንድ መጥታ «ቤቴ የትኛው ነው?» አለችኝ። ሂጂ፣ ከእህትሽ ጋር ተቋጠሪና አብራችሁ አሳድጓት።

ሰዎቹ ምን ሆኑ ብትዪ፣ የገበሬው ልጆች ያን ክረምት በልተው ከረሙ። ጎረቤቱ ዓይኑ እስኪደክም ድረስ ከገበሬው ጋር አጠመደ፤ ሲሞትም ልጁ በቦታው ገባ። የገበሬው ሚስት በስተርጅናዋ ከተማ ልጇ ዘንድ ገባች። ዝናቡ ሲመለስ ግድቡ ሞላ፣ ጉልቻውም ሰመጠ። ገበሬው ብዙ ዕድሜ አገኘ፤ የራሱ ማሳ ከየት እስከ የት እንደነበረ ግን ሳያውቀው ሞተ።