ቀረጢት የተባለችው ጅረት

ከመንዝ ደጋ ወደ ቆላ በሚወርደው መንገድ ዳር ቀረጢት የምትባል ጅረት አለች። ስሟን የሰማ መንገደኛ አንድ ሰው ቀረጢቱን የጣለባት ይመስለዋል፤ የአገሩ ሽማግሌዎች ግን ቀረጢት ሰው ነው ይላሉ።

እንደሚነገረው፣ ካራፔት የሚባል የአርመን ስደተኛ ጠመንጃና ሰዓት እየጠገነ አገር ላገር ሲዞር፣ ንዳድ ይዞት እዚያ መንደር ወደቀ። አስካለ የምትባል ባለትዳር ቤቷ አስገብታ አጥሚት እያጠጣች አዳነችው። ስሙን ሲጠይቁት «ካራፔት» አለ፤ እነሱ «ቀረጢት» ብለው ሰሙ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢያርማቸው አልሆን ስላለው እሱም ሲጠሩት «አቤት» ማለት ጀመረ።

ከዳነም በኋላ እነ አስካለ ቤት እየሠራ ተቀመጠ፤ በዓመቱ አስካለ ወለደች። ባሏ ቆላ ወርዶ ረዳት አልነበራትምና፣ በአምስተኛው ቀን ካራፔት ከጓዳ የወፍጮ ድምፅ ሰማ።

«እመት አስካለ፣ አራስ አይደሉም እንዴ?»

«አራስ ብሆንስ ሙሴ፣ የልጆቹ ሆድ አርባ ቀን ይታገሠኛል?» አለችው፣ ፈረንጅ በሚጠራበት አጠራር።

መጁን ከእጇ ተቀብሎ ተንበረከከ። ግማሽ ቀን ቢገፋ የወጣው ቂንጬ እንጂ ዱቄት አልነበረም፤ መዳፉም ውሃ ቋጠረ። አስካለ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሱ ግን እስከዚያ ቀን የበላው እንጀራ በማን ክንድ እንደመጣ ያኔ ገባው ይባላል።

በማግስቱ ወደ ጅረቷ ወርዶ የወይራ ግንድ ይጠርብ ጀመር። ውሃን ሊያስፈጭ ነው ሲባል መንደሩ «እሳትስ ቅቤ ይናጥልናላ!» እያለ ተሳለቀ። ውሃ እንዲያዞረው የሠራውን የመጀመሪያ መዘውር ጎርፍ ወሰደው። ሁለተኛው ድንጋዩን ከልክ በላይ አክለፈለፈውና፣ ሊያዩ የመጡት የመንደሩ ገዥ ጭቃ ሹም ይመር ከነጥቁር ካባቸው ዱቄት ለብሰው ወጡ። ሦስተኛው ግን ረጋ ብሎ ዞረ። እስከዚያ ሁለት ክረምት አልፎ ነበርና አስካለ ዳግመኛ ወልዳ አራስ ቤት ነበረች፤ የእህል ስልቻዋን ተሸክሞ ወደ ወፍጮው ያወረደው ራሱ ካራፔት ነው።

ጭቃ ሹሙ ግን ሦስት አህያ ገብስ አስጭነው ደረሱ።

«መሬቱ የኔ ነው፤ መጀመሪያ የኔ ይፈጫል» አሉ።

ካራፔት የውሃውን መዝጊያ ሳንቃ አወረደና ላዩ ላይ ተቀመጠ። ወፍጮው ቆመ። ስደተኛ ነውና በአንድ ቃል ሊያባርሩት ይችሉ ነበር።

«ጌታዬ፣ የእርስዎ አህዮች አልወለዱም» አለ። «አስካለ ግን ወልዳለች።»

ጭቃ ሹሙ አህዮቻቸውን ዘወር ብለው አዩና ሳቃቸው አመለጣቸው።

«በል ልቀቀው ቀረጢት! አራስ ትቅደም፤ ቀጥሎ ግን የኔ...»

የቀረውን እልልታ ዋጠው።

ካራፔት ወደ አገሩ አልተመለሰም። በአካባቢው ወንዞች ሁሉ ወፍጮ እየሠራ፣ ለየመንደሩ እየሰጠ፣ እዚያው አርጅቶ ሞተ።

ዛሬ በጅረቷ ዳር የሚንደቀደቀው የናፍጣ ወፍጮ ነው። ወረፋው ረጅም ነው፤ ግፊያና ጭቅጭቅም አያጣም። ይሁንና አንዱ ስልቻ አንስቶ «የአራስ ነው» ካለ ሰልፉ ይከፈትለታል። አንዳንድ ጎረምሳ ቤቱ አራስ ሳይኖር እንደሚዋሽ ሁሉም ያውቃል። እሱንም ያሳልፉታል፤ አሮጊቶቹ «እውነቱን ቢሆንስ?» ይላሉ።